ቮልስ ቸርችል ጎዳና ላይ እምቢ ሲል

ከአባቴ የወረስኩት ቮልስ 1500 ነው። ከለገሃር እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ደህና ይመጣና ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወስደው ዳገት ላይ ካርቡራተሩ ያስነጥሳል፣ ማርሚታው ይተኩሳል። ያየ ሁሉ «ቤንዚን ነው» ይላል። እኔ ግን መጀመሪያ ቫልቭ (ቤንዚንና አየር የሚገባበትን፣ ጭስ የሚወጣበትን መዝጊያ)፣ ቀጥሎ ፑንቲና (እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን የሚያስነሳውን መገናኛ)፣ መጨረሻ ታይሚንግ (እሳቱ የሚነሳበትን ቅጽበት) ነው የማየው። ፑንቲና ከተነካ ታይሚንግም ስለሚዛባ ቅደም ተከተሉን አታፋልሱ።

ቫልቭ የሚለካው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲያድር ነው፤ እኔ እሁድ ጠዋት ፒያሳ በራችን ላይ እሠራዋለሁ። እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንስታችሁ ፑሌጃውን (ቺንጊያው የተጠመደበትን የሞተሩን ጎማ) በኪያቤ አዙሩ። ውስጥ የምትዞረው ጣት ጠርዙ ላይ ካለችው ጭረት ስትገጥም አንደኛው ሲሊንደር ተራው ደርሷል፤ ከኋላ ቆማችሁ ስታዩ በቀኝ በኩል ራቅ ያለው ነው። በ13 ኪያቤ የቫልቩን ዳዶ አላሉ፣ ብሎኑን በካቻቢቴ አስተካክሉ። በብሎኑና በቫልቩ መካከል ያለው ክፍተት 0.15 ሚሊሜትር፤ የመለኪያዋ ስስ የብረት ቅጠል ያዝ እያደረገች ትለፍ። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑን ይዞት ስለሚዞር ደግማችሁ ለኩ። ፑሌጃውን ወደ ኋላ ግማሽ ዙር ስትመልሱት ሁለተኛው ይመጣል፤ ሦስተኛና አራተኛውም እንዲሁ።

ሦስተኛው ላይ አትቸኩሉ። የእኔን በመሰሉ የድሮ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ነፋሱን ይጋርደዋል፤ ከሁሉም በላይ የሚግለው እሱ ነው። አንዴ ጫጫታው አናዶኝ ክፍተቱን አጠበብኩት። ድምፁ ጠፋ፤ እኔም ኮራሁ። ቫልቩ ግን ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ሙቀቱን ማስወጣት አቅቶት ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ ትንሽ የሚንጫጫ ቫልቭ እወዳለሁ።

ፑንቲናው 0.4 ሚሊሜትር ይከፈት። ፊቱ ከጠቆረና ከጎደጎደ በመሞረድ አትድከሙ፣ ቀይሩት።

ለታይሚንግ አንድ ትንሽ አምፖል ይበቃል። ጣቷን ወደ አንደኛው መልሱና የፑሌጃውን 7.5 ዲግሪ ምልክት የሞተሩ ሁለት ግማሾች ከሚጋጠሙበት መስመር ጋር አስተካክሉ። የአምፖሉን አንድ ሽቦ ከቦቢናው (የእሳቱን ኃይል ከሚሰጠው ጥቅል ሽቦ) ወደ ዲስትሪቢዩተር በሚሄደው ጫፍ፣ ሌላውን በብረት አካሉ ላይ አስሩ። ቁልፍ ክፈቱ። ዲስትሪቢዩተሩን አላልታችሁ አምፖሉ እስኪጠፋ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ወደ ግራ አዙሩ፤ ብልጭ ባለበት ቅጽበት እጃችሁን አቁሙና አጥብቁ። ቁልፉን ክፍት ትታችሁ ሻይ እንዳትሄዱ፣ ቦቢናው ይግላል።

አሁን ወደ ቸርችል ውረዱና መልሳችሁ ውጡ። ማዘጋጃ ቤቱ ሰዓት ሥር ሳያስነጥስ ካልደረሰ፣ እሺ፣ ያኔ ቤንዚኑን እንይ።