ጠቃሚ ምክር፦ ግድግዳ ላይ የሚወጣው ቀይ ጽጌረዳ አናቱ ላይ ብቻ እያበበ ላስቸገራችሁ

ጠባብ ግቢ ኖሯችሁ አጥር ወይ ግድግዳ ላይ የሚወጣ ቀይ ጽጌረዳ የተከላችሁ፣ ይቺን ሳልነግራችሁ ባልፍ ቅር ይለኛል። ቅርንጫፉን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አትልቀቁት! ቀጥ ብሎ ሲያድግ ጉልበቱ ሁሉ ወደ ጫፉ ይሄድና አበባው ከላይ ብቻ ይሆናል፣ ታቹ ራቁቱን ይቀራል፣ እኔ ጋም ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዛ ነበር።

ገና ለጋ እያለ ቀስ ብላችሁ ወደ ጎን አጋድሙት፣ 45 ዲግሪ ያህል ወይ ከዛም ዝቅ ቢል ይበልጥ አሪፍ ነው፣ ከዛ በየአንጓው ቀላ ያለች ቡቃያ ብቅ ብቅ ስትል ታያላችሁ፣ እያንዳንዷ ቅርንጫፍ ሆና አበባ ትይዛለች፣ በጣም ደስ ይላል። የጠነከረውን አሮጌ ቅርንጫፍ ግን በግድ አታጉብጡት፣ ይሰበራል።

ደግሞ ቅርንጫፉን ደግፎ እንዲይዝ የምትወጥሩት ሽቦ ከግድግዳው ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ራቅ ይበል፣ አየር ካልገባ ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለው በሽታ ቶሎ ይመጣል። ቅርንጫፉን ከሽቦው ጋር ስታስሩት በጨርቅ ቁራጭ ላላ አድርጋችሁ ጨርቁን በሁለቱ ዙሪያ እንደ 8 ቁጥር አዙሩት፣ ግንዱን በቀጭን ሽቦ ካሰራችሁት ሲወፍር ይቆርጠዋል።

ገና ልትተክሉ ከሆነ ደግሞ ከግድግዳው 40 ሴንቲ ያህል ራቁ፣ ግድግዳ ስር ያለ አፈር ዝናብም ቢዘንብ ቶሎ ይደርቃል። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ ፈልጉለት፣ ውሃውን ከስሩ በደንብ አጠጡት እንጂ ቅጠሉ ላይ አትርጩ።