ክረምት ሩዝ፣ በጋ ሽሪምፕ፦ የኬረላ የፖካሊ ማሳ እንዴት ይሠራል?

የባሕር ውኃ ማሳ ውስጥ ገባ ከተባለ ለአብዛኛው ገበሬ ኪሳራ ነው። በደቡብ ምዕራብ ሕንድ፣ በኬረላ ጠረፍ ያሉ ገበሬዎች ግን ራሳቸው በር ከፍተው ያስገቡታል። አዎ፣ ድሮ እኛ አገር ያስተምሩ ከነበሩት ሕንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ የመጡባት ኬረላ። በኤርናኩላም፣ በአላፑዛና በትሪሹር አካባቢዎች ከአንዱ ማሳ በክረምት ሩዝ፣ በበጋ ሽሪምፕ (ብዙ እግር ያላት፣ ቅርፊታም ትንሽ የውኃ እንስሳ) እና ዓሣ ይወጣል። ሩዙም አሠራሩም ፖካሊ ይባላል። ለሩዙ ማዳበሪያ አይጨመርም፣ ፀረ ተባይ አይረጭም። በድሮው አሠራር ለሽሪምፑም መኖ አይገዛም።

መጀመሪያ ውኃውን እንወቅ። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ጨርሳ ስትጠፋ ደግሞ ሙላቱም ጉድለቱም ከሌላው ቀን ይበልጣል። ይህችን ያዙልኝ፣ እንመለስባታለን። ማሳው ረባዳ ቦታ ላይ ነው፣ ዙሪያውን የጭቃ ግድብ አለው፣ ግድቡ ላይ ደግሞ ሳንቃ እየተነሳ የሚከፈት የውኃ በር። ሥራው ሁሉ የሚዞረው በዚህች በር ነው።

ሚያዝያ ላይ፣ ውኃው ሲጎድል በሩ ይከፈትና ማሳው ይጠነፈፋል። አፈሩ ሲደርቅ እየተቆፈረ ይቆለላል፤ አንዱ ቁልል ወርዱ 1 ሜትር፣ ከፍታው ግማሽ ሜትር ያህል ነው። ክረምታቸው እንደኛው ሰኔ ላይ ይገባል። ያኔ ዝናቡ ቁልሉን እያጠበ ጨውን ይዞት ይወርዳል። መሬቱ ሜዳ ቢሆን ኖሮ ጨው እዚያው ተኝቶ ይቀር ነበር።

እኔን በጣም የሚገርመኝ የዘሩ አያያዝ ነው። በኮኮናት ቅጠል የተሠራ ቅርጫት ውስጥ የሙዝ ቅጠል ይነጠፋል፣ ዘሩ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይሞላል፣ ከዚያ ጨው በሌለው ውኃ ከ12 እስከ 15 ሰዓት ይነከርና ወጥቶ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። ቤታችሁ ብቅል ሲበቅል አይታችሁ ከሆነ ልክ እንደዚያ ነው። ነጯ ሥር ጫፏን ብቅ ስታደርግ ዘሩ ይደርቅና እዚያው ላይ ይቆማል። ዝናቡ ቢዘገይ ለሳምንታት ይጠብቃል እንጂ አይበላሽም። መዝሪያው ሲደርስ ለጥቂት ሰዓት እንደገና ማርጠብ ነው፣ ይነቃል።

ዘሩ የሚዘራው ጨው የለቀቀው ቁልል አናት ላይ ነው። ከወር በኋላ ችግኙ 40 ሳንቲሜትር ገደማ ሲሆን ቁልሉ በአካፋ ይቆረስና ችግኞቹ ከነአፈራቸው በማሳው ላይ ይበተናሉ። ከዚያ ሩዙ ከውኃው ጋር እየተሽቀዳደመ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይረዝማል።

ጥቅምት ላይ አጨዳ ነው። አብዛኞቹ አጫጆች ሴቶች ናቸው፣ እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ቆመው ዛላውን ብቻ በማጭድ ይቆርጣሉ። አገዳውን እንዳትነኩት! የሽሪምፑ ቀለብ እሱ ነው። ውኃ ውስጥ ሲበሰብስ በላዩ ላይ አልጌና ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ነፍሳት ይራባሉ፣ ሽሪምፑም ዓሣውም እነሱን ይበላል።

ከኅዳር ጀምሮ ተራው የሽሪምፑ ነው። ውኃው ሲሞላ በሩ ይከፈታል። ማታ በሩ አፍ ላይ ፋኖስ ይሰቀላል፤ የሽሪምፕ ጫጩቶች ብርሃኑን እያዩ ከውኃው ጋር ይገባሉ። ሲጎድል በሩ ላይ ማጣሪያ ይደረግና ውኃው ብቻ ይወጣል። ይህ በየቀኑ ነው፣ ለወራት።

አሁን ወደ ጨረቃዋ እንመለስ። ሽሪምፑ የሚያዘው ሙሉ በምትሆንበትና በምትጠፋበት ሰሞን ነው። ሌሊት ላይ ጫፉ እየጠበበ የሚሄድ ረጅም መረብ በሩ ላይ ይታሰራል። ውኃው በኃይል ሲወጣ ያደገው ሽሪምፕ አብሮ ይሄድና መረቡ ውስጥ ይገባል። አሳድዶ መያዝ የለም፣ በሩን በሰዓቱ መክፈት ብቻ። የሽሪምፑና የዓሣው ኩስ ደግሞ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ ለሚቀጥለው ሩዝ ማዳበሪያ ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሩዙ ድካሙ ብዙ፣ ገቢው ትንሽ ስለሆነ አንዳንዱ ሩዙን ትቶ ዓመቱን ሙሉ ሽሪምፕ ማርባት ይፈልጋል። ያን ጊዜ የሚበሰብስ አገዳ የለም፣ ማሳው አይደርቅም፣ በሽታም ይበረታል። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ የጎረቤቱ ነገር ነው፤ በግድቡ በኩል ጨው እየሰረገበት እሱም ሩዝ መዝራት ያቅተዋል። ለዚህ ነው አሠራሩ «አንድ ሩዝ፣ አንድ ዓሣ» የሚባለው። ስለዚህ ሥራውን ለብቻችሁ አትጀምሩት። ግድብ የምትጋሩትን ሁሉ ሰብስቡና ጨዋማው ውኃ የሚወጣበትን ቀን አብራችሁ ቁረጡ። ኬረላ ውስጥ የሽሪምፑ ወቅት የሚያበቃው ሚያዝያ 6 ገደማ ነው። የቀረው ዓሣ ይለቀማል፣ በሩ ይከፈታል፣ አካፋ ይነሳል።