ጉሮሮ ላይ አንዳች ነገር የተሰነቀረ ሲመስል

ምራቅ ስትውጡ ጉሮሯችሁ ላይ አንዳች ነገር የተሰነቀረ ይመስላችኋል፤ ምግብ ስትበሉ ወይም ውኃ ስትጠጡ ግን ስሜቱ ይጠፋል? አይዟችሁ፤ ምግቡ ያለ ችግር የሚወርድ ከሆነ መንገዱን የዘጋ ነገር የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ነው።

ብዙ ጊዜ ከጀርባው ያለው ከጨጓራ ወደ ላይ የሚመለስ አሲድ ነው። ቃር የማይሰማውን ሰው እንኳ ሌሊት በተኛበት አሲዱ እስከ ጉሮሮው ደርሶ ሊያስቆጣው ይችላል። ጠዋት ድምፃችሁ ጎርነን፣ አፋችሁ መረር ካለ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ። ከመኝታ በፊት ባሉት 3 ሰዓታት ምግብ አትብሉ፤ የአልጋውንም ራስጌ በዚያው በኩል ካሉት እግሮቹ ሥር ድጋፍ አድርጋችሁ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። ትራስ መደራረብ ወገብን አጥፎ ሆድን ስለሚጫን ብዙም አይረዳም።

ጭንቀትና ሐዘንም የጉሮሮን ጡንቻ ያኮማትራሉ፤ እንባ ሲተናነቀን የሚሰማን ያው ነው። ከአፍንጫ ወደ ኋላ የሚወርድ ንፍጥና የእንቅርት ዕጢ እብጠትም ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ፦ «እህህ» እያላችሁ ጉሮሮ መጥረጉን አቁሙ። በጠረጋችሁት ቁጥር የበለጠ ይቆጣል፤ ስሜቱም ይብሳል። በምትኩ ውኃ ጎንጨት በሉ።

ምግብ አልወርድ ሲል፣ መዋጥ ሲያም፣ ክብደት ያለ ምክንያት ሲቀንስ፣ አንገት ላይ እብጠት ሲዳሰስ፣ ደም ሲታይ ወይም የድምፅ መጎርነን ከ3 ሳምንት ሲያልፍ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።