አጭር ጣት ያለው ሞተረኛ ጓንት ሲገዛ የሚሠራቸው ስህተቶች

ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ሐሙስ፣ የገበያ ቀን። አንዲት የእንስሳት ሐኪም ሞተር ልትለማመድ መጣች። የምትሠራበት ወረዳ ሞተር መድቦላታል። አዲስ ጓንት አድርጋለች። ጥሩ ጓንት ነው፤ ቆዳው የፍየል፣ መዳፉ ላይ ድርብ ሆኖ የተሰፋ። ፍሪሲዮን ስትይዝ ግን የጣቶቹ ጫፍ ባዶውን ወደ ፊት ቀረ። በትንሿ ጣት በኩል አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይተርፋል።

«ጣቱ ረዝሞብሻል» አልኳት።

«አይ ጋሼ፣ ስለምደው ልክ ይሆናል ብለውኛል።»

ይህን መልስ ስንት ጊዜ ሰማሁት! ጅማ ውስጥ ሞተር ማስተማር ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆኖኛል። የኔም ጣቶች አጭር ናቸው፤ መዳፌ ደግሞ ሰፊ ነው። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ። በአንዱ ተጎድቻለሁ። ለእያንዳንዱ ስህተት ስም የሰጠሁትም ሰው ሁልጊዜ በሚለው ቃል ነው።

«ላርጅ አምጣልኝ»

ጅማ ላይ የሞተር ጓንት አማርጦ መግዛት ከባድ ነው። ብዙ ሰው አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ይደውላል፤ ወይም ከውጭ የሚመጣ ሰው ያስቸግራል። በስልክ የሚባለው አንድ ቃል ነው፤ ላርጅ ወይም ሚዲየም። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የጓንት ቁጥር የሚቆመው በሁለት ልኬት ላይ ነው፤ በመዳፍ ዙሪያና በእጅ ርዝመት። በአውሮፓ የመከላከያ ጓንት መለኪያ 8 ቁጥር ማለት ዙሪያው 203፣ ርዝመቱ 182 ሚሊ ሜትር የሆነ እጅ ነው። 9 ቁጥር ደግሞ 229 በ192 ነው። ሁለቱ አብረው ያድጋሉ ተብሎ ነው የተሠራው። የኔ መዳፍ ዙሪያው 228 ነው። እጄ ግን ከእጅ አንጓዬ መስመር እስከ መሃል ጣቴ ጫፍ 178 ብቻ ነው። በዙሪያ ብሄድ 9 ነኝ። በርዝመት ብሄድ 8 እንኳ አልሞላም። ብዙ የሞተር ጓንት ሻጭ የሚጠይቀው ደግሞ ዙሪያውን ብቻ ነው።

ስለዚህ ላርጅ ብላችሁ አትዘዙ። እጃችሁን ወረቀት ላይ ዘርግታችሁ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ሣሉ። እስክሪብቶው ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ካዘነበለ ልኬቱ ይዛባል። ከዚያ የልብስ ሰፊ ሜትር ተዋሱ። ከአውራ ጣት በስተቀር መዳፉን አራቱ ጣቶች ከሚነሱበት አንጓ ላይ ዙሩት። መሃል ጣትን በመዳፍ በኩል ከሥሩ መስመር እስከ ጫፉ ለኩ። ሁለቱንም እጅ ለኩ፤ ብዙ ሰው የሚሠራበት እጁ ትንሽ ሰፋ ይላል። ቁጥሮቹን ወረቀቱ ላይ ጻፉና ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። ቁጥር የሌለበት ፎቶ አይረዳም፤ ስልክ ላይ ሁሉም እጅ አንድ ያህል ነው። የሚገዛላችሁ ሰው ሜትር ይዞ ሱቅ ይግባና የጓንቱን መሃል ጣት ይለካ።

ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ ደግሞ ይህን እወቁ። ሄልድ የሚባለው የጀርመን ጓንት ሠሪ ለአንዳንድ ሞዴሎቹ አጭር ጣት ያለው ልኬት ለብቻው ያወጣል። ዋጋው ቀላል አይደለም። ግን እንዲህ ዓይነት ልኬት መኖሩን የማያውቅ ሰው አይጠይቅም።

«እጄ ገባ፣ በቃ»

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። ሰውየው ሱቅ ይገባል። ጓንቱን ያጠልቃል። እጁን ዘርግቶ ያያል፣ ያገላብጣል፣ አንድ ሁለቴ ያጨበጭባል። «ልክ ነው» ብሎ ከፍሎ ይወጣል። ሞተር ላይ እጁን ዘርግቶ የሚሄድ ማን አለ? ሞተረኛ እጁ ሁልጊዜ እንደጨበጠ ነው። ጓንትም መለካት ያለበት ተጨብጦ ነው። ይህን በየሳምንቱ እናገራለሁ። በየሳምንቱም ባዶ ጫፍ ያለው ጓንት አድርጎ የሚመጣ ሰው አያለሁ።

በመጀመሪያ በደንብ አጥልቁት። በጓንቱ ጣቶች መሃል ያለው መገናኛ ከእጃችሁ የጣት መሃል ጋር እስኪነካካ ድረስ በሌላው እጅ አንድ በአንድ ጫኑት። ይህን ሳያደርጉ «ጣቱ ረዘመብኝ» የሚሉም አሉ። እጅ አንጓ ላይ ያለውን ማጥበቂያ እሰሩ። ከዚያ ሱቁ በር ላይ የቆመ ሞተር ፈልጉና ባለቤቱን አስፈቅዱ። እስከ ዛሬ እምቢ ያለኝ ሞተረኛ የለም።

ፍሪሲዮኑን 20 ጊዜ ያዙ፣ ልቀቁ። የእጅ ፍሬኑንም እንደዚያው። ጋዙን እንደጨበጣችሁ በሁለት ጣት ብቻ ፍሬን ያዙ። አውራ ጣታችሁን ወደ ፍሬቻው ቁልፍ፣ ከዚያ ወደ ክላክሱ ውሰዱት። አውራ ጣቱ የተረፈ ጓንት ፍሬቻ ፈልጎ ክላክስ ይነካል።

ጣት ሲታጠፍ በላይ በኩል ያለው ቆዳ ስለሚሳብ ትንሽ ክፍተት ይዘጋል። እጅ ተዘርግቶ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቢተርፍ ስትጨብጡ ይጠፋል። አንድ ሴንቲ ሜትር የተረፈ ግን አይጠፋም። ፍሬኑን እንደያዛችሁ ጫፉን በሌላ እጅ ቆንጥጡት። ጥፍራችሁን ካገኛችሁ ደህና ነው። ቆዳ ብቻ ከተቆነጠጠ መልሱት።

ለምን እንዲህ እንደምጨቀጭቅ ልንገራችሁ። ከአጋሮ እየተመለስኩ ነበር። ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ጅማ ልገባ ስል ከፊቴ ያለ ባጃጅ ተሳፋሪ ሊያነሳ ድንገት ቆመ። ፍሬን ያዝኩ። የረጠበው የጓንቴ የሌባ ጣትና የመሃል ጣት ጫፍ በፍሬኑ ብረትና በጋዝ መያዣው መሃል ተጣጥፎ ገባ። ፍሬኑ ግማሽ መንገድ ሄዶ እምቢ አለ። እግር ፍሬኑን ረገጥኩት። የኋላ ጎማው ተንሸራተተና በቀኝ ጎኔ ወደቅኩ። ስወድቅ ጓንቱ ራሱ ከእጄ ወለቀ፤ መዳፌ አስፋልቱ ላይ ተላጠ። ባጃጁ ውስጥ አንዲት እናት ሕፃን አቅፋ ተቀምጣለች። ሞተሩ ከነሱ ሁለት ክንድ ያህል ርቆ ነው የቆመው። መዳፌ ድኗል። የዚያችን እናት ፊት ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«ቆዳ አይደል፣ ይለጠጣል»

ይለጠጣል። ግን የሚለጠጠው ይበልጡን ወደ ጎን ነው። መዳፍ ላይ ጠበቅ ያለ የፍየል ቆዳ ጥቂት ሳምንት ከተነዳበት እጅን ይለምዳል። የተረፈ ጣት ግን መቼም ወደ ኋላ አይሰበሰብም። ስለዚህ ከሁለት ቁጥር መሃል ከሆናችሁ ለጣታችሁ የሚሆነውን ትንሹን ውሰዱ፤ መዳፉ ጊዜ ይፈልጋል። እጅ እስኪደነዝዝ የሚያጣብቅ ከሆነ ግን ተዉት። የደነዘዘ እጅም ፍሬን አይዝም። ከጣቶቹ ጀርባና ከመዳፉ ጎን ተለጣጭ ጨርቅ ያለበት ጓንት ሰፊ መዳፍና አጭር ጣት ላለው ሰው የተሻለ ዕድል ይሰጣል።

«ሙቅ ውሃ ውስጥ ብነክረው ይኮማተራል»

መኮማተሩንስ ይኮማተራል። ግን ሙቀት ያገኘው ቆዳ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ እንደ ቆርቆሮ ይሆናል። ጅማ ላይ ክረምቱን ጓንት በየቀኑ ይበሰብሳል። ማታ ከሰል ምድጃ አጠገብ የሚያደርቁትን ሳይ ያሳዝነኛል፤ ጥሩ ቆዳ በአንድ ክረምት ይጨርሳሉ። ውስጡ ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ጥላ ውስጥ አንጠልጥሉት።

«ጫፉ ላይ ጥጥ አድርጌበታለሁ»

አውጡት። ጥጡ ዝናብ ይጠጣና ያብጣል። ጣታችሁም ፍሬኑን መንካቱን አያውቅም።

«ግማሽ ጣት ይሻለኛል»

ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ረጅም ጣት ያስመረራቸው ናቸው፤ ምሬታቸው ይገባኛል። ጫፉን በመቀስ የሚቆርጡም አሉ። ሰው ሲወድቅ ግን ሳያስበው እጁን ይዘረጋል፤ ጣቱም መሬት ይነካል። የተቆረጠ ጫፍ ደግሞ ስፌቱ ከዚያ ጀምሮ ይተረተራል። ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚገዛው የሹራብ ጓንትም ለሞተር አይሆንም። አስፋልት ላይ ወዲያው ይበጠሳል።

«ጫማ ሰፊ ያሳጥረዋል»

ይህ ሁልጊዜ ስህተት አይደለም። ሕርማታ ገበያ አካባቢ የማውቃቸው ጫማ ሰፊ አሉ፤ እጃቸው የተባረከ ነው። ውስጡ ገበር የሌለውን ተራ የቆዳ ጓንት ገልብጠው፣ ጫፉን በናይለን ክር ዙሪያውን ሰፍተው፣ ትርፉን ይቆርጡልኛል። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቅቃችኋለሁ፤ ስፌቱ ወፍራም ሆኖ ወደ ውስጥ ከቀረ ጥፍር ይቆረቁራል። ሰቃ ደርሳችሁ ሳትመለሱ ጣታችሁ ይቆስላል። እኔ ስፌቱን ወደ ውጭ እንዲያደርጉልኝ ነው የምጠይቃቸው። አያምርም፣ ግን አይጎዳም።

ውሃ የማያስገባውን ጓንት ግን መርፌ እንዳይነካው። በቆዳውና በገበሩ መሃል ውሃ የሚከለክል ስስ ሽፋን አለ። አንድ ጊዜ ከተበሳ በሐምሌ ዝናብ እጃችሁ ይርሳል። ገበሩም ከጫፉ ይላቀቅና እርጥብ እጅ ስታወጡ አብሮ ይገለበጣል። ከዚያ በኋላ ጣት መልሶ ማስገባት ፈተና ነው። ጣቱ ላይ ጠንካራ ፕላስቲክ ያለበትንም ማሳጠር አይቻልም።

«የሴት ወይም የልጅ ውሰድ»

የሴት ጓንት ብዙውን ጊዜ የሚጠበው ወርዱ ነው። ጠባብ መዳፍ ላላት ሴት ጥሩ ነው። እንደኔ መዳፉ ለሰፋ ወንድ አይሆንም። የልጅ ጓንት ደግሞ ለአዋቂ ክብደትና ፍጥነት ታስቦ የተሠራ አይደለም።

«መከላከያው የበዛበት ይሻላል»

መከላከያው የሚረዳው በቦታው ከተቀመጠ ነው። ጣቶች የሚነሱበት አንጓ ላይ መቀመጥ ያለበት ጠንካራ ጉብታ ጣቱ በረዘመ ጓንት ላይ ወደ ፊት ይሸሻል። ጓንቱ የሚታጠፍበትና ጣታችሁ የሚታጠፍበት ቦታ ይለያያል፤ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ፕላስቲኩን ነው የምትታገሉት። ምልክቱን ግን እዩ። የአውሮፓው የሞተር ጓንት ደረጃ ኢኤን 13594 ይባላል። ደረጃ 1 እና ደረጃ 2 አለው። ኬፒ (KP) የሚሉት ሁለት ፊደላት ካሉበት የአንጓ መከላከያው ተፈትኗል ማለት ነው። ልካችሁ ካልሆነ ደረጃ 2 ይልቅ ልካችሁ የሆነ ደረጃ 1 ይሻላችኋል።

ስለ ቆዳም ላንሳ። ሻጮች «የኢትዮጵያ በግ ቆዳ ነው» ሲሉ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። የደጋ በጋችን ቆዳ በዓለም ላይ ለስስ ጓንት በጣም የሚፈለግ ነው፤ እኮራበታለሁ። ለሞተር መዳፍ ግን የፍየል ወይም የከብት ቆዳ አስፋልት ላይ ይበልጥ ይቆያል።

«ማጥበቂያው ያጣብቀኛል»

እሰሩት። የኔ የወለቀው ባለማሰሬ ነው።

«ጥፋቱ የጓንቱ ነው»

አንዳንዴ አይደለም። ጣቱ አጭር የሆነ ሰው ፍሬኑና ፍሪሲዮኑ ራሳቸው ይርቁበታል። በልኩ የተሰፋ ጓንት አድርጎም በጣቱ ጫፍ ብቻ እየነካ ይሄዳል። መያዣው ላይ ወፍራም ስፖንጅ ካለ መጀመሪያ እሱን አውጡ። ከዚያ መካኒካችሁ የብረቶቹን አቀማመጥ በክንዳችሁ ልክ ዝቅ ያድርግላችሁ። ፍሪሲዮኑ በሽቦ የሚሠራ ከሆነ ልቅነቱን ያስተካክለው። ሽቦውን ግን ከመጠን በላይ ማላላት ማርሽ ያስቸግራል፤ ከመጠን በላይ መወጠር ደግሞ ፍሪሲዮን ያቃጥላል። ይህን ራሳችሁ አትሞክሩት።

የእንስሳት ሐኪሟ ያን ጓንት ጣቱ ረጅም ለሆነ የሥራ ባልደረባዋ በገዛችበት ዋጋ ሰጠችው። የእጇን ሥዕል ከነቁጥሩ አዲስ አበባ ላለ ወንድሟ ላከች። ሱቅ ውስጥ ሆኖ ደወለላት፤ ሻጩ ጓንት በሜትር ሲለካ አይቶ አያውቅም። አራተኛው ሱቅ ላይ ተገኘ። ባለፈው ሐሙስ አድርጋው መጣች። መዳፉ ትንሽ ጠበቅ ይላል። ፍሬኑን አስይዤ ጫፉን ቆነጠጥኩት።

«ጋሼ፣ ጥፍሬን!» አለች።

ከዚያ ከጅሬን ዳገት ቁልቁል በሁለት ጣት ፍሬን እየያዘች ወረደች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ።