ከላቫንዲኖ ሥር ያሉ አሮጌ ቫልቮችን ስትቀይሩ

ደብረ ማርቆስ እናቴ ቤት፣ ባኞ ቤቱ ውስጥ ካለው ላቫንዲኖ ሥር ያሉት ሁለቱ ቫልቮች ዓመታት አልፏቸዋል። እጀታው ይዞራል፣ ውኃው ግን አይቆምም። ውስጥ ያለው ጎሚኒ ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኗል። እንዲህ የሆነ ቫልቭ ሊጠገን ይችላል፣ ግን ድካሙ አያዋጣም። መቀየር ይሻላል።

ከሁሉ በፊት ውኃውን ዝጉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያለ ቤት ብዙ ጊዜ ታንከር አለው፣ ስለዚህ ቆጣሪው ጋ ያለውን ብቻ ዘግቶ መፍታት አይበቃም፣ ታንከሩ ከላይ ሆኖ ይጠብቃችኋል። እኔ ቆጣሪውን ዘግቼ ፈታሁት፣ ውኃው ግን ከታንከሩ እየተንዶለዶለ መጣ፤ እናቴ መወልወያ ይዛ ስትሮጥ እኔ ቀዳዳውን በእጄ ይዤ ነበር። ለፈረቃው የቆጠብነው ውኃ ግማሹ ወለሉ ላይ ቀረ። ሁለቱንም ዝጉ፣ ከዚያ የላቫንዲኖውን ቧንቧ ክፈቱና የቀረው ፈስሶ እስኪያልቅ ጠብቁ። ለቤተሰቡም አንድ ሁለት ጀሪካን ቀድማችሁ ሙሉ፣ ሥራው ሊረዝም ይችላል።

ቫልቩን ሳትገዙ አሮጌውን አትጣሉ። ይዛችሁት ሳኒተሪ ዕቃ ቤት ሂዱ። ግድግዳው ውስጥ የሚገባው ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ኢንች ነው፣ ፍሌክሲብሉ፣ ማለትም ከቫልቩ ወደ ላቫንዲኖው ቧንቧ ውኃ የሚወስደው ተጣጣፊ ቱቦ፣ የሚታሰርበት ግን ግማሽም ሊሆን ይችላል፣ ከዚያ ያነሰም አለ፤ አስተያዩት። ሩብ ዙር ብቻ አዙሮ የሚዘጋውን ውሰዱ። ደግሞ ከላይ ሁሉም በኒኬል ያብለጨልጫል፣ አትታለሉ፤ ጥርሱን ከውስጥ በምስማር ጫር አድርጉት። ቢጫ ከወጣ ናስ ነው። ነጭ ግራጫ ከሆነ መልሱት፣ ስታጠብቁት ሊሰበር ይችላል። ፍሌክሲብሉም አብሮ ይቀየር፣ አሮጌ ፍሌክሲብል አዲስ ቫልቭ ላይ ማሰር የሥራን ግማሽ መተው ነው።

አሁን መፍታቱ። ሲፈታ ወደ ግራ ነው። ግድግዳው ውስጥ ያለው የብረት ቧንቧ ከሆነ ዝገቱ ሁለቱን አጣብቋቸዋል፣ ስለዚህ ዝገት ማላቀቂያ ረጭታችሁ ለአንድ ሰዓት ያህል ተዉት። ከዚያ በአንዱ መፍቻ ከግድግዳው የወጣውን ቧንቧ ያዙ፣ በሌላው ቫልቩን አዙሩ። በአንድ መፍቻ ብቻ ከታገላችሁ የግድግዳው ቧንቧ ተሰብሮ ጥርሱ ውስጥ ይቀራል፣ ያን ጊዜ ሴራሚክ መስበር ሊመጣ ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ በትንሽ በትንሹ እየነቀነቃችሁ እንጅ በአንድ ትንፋሽ አይደለም። ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ጠንቀቅ በሉ፤ የናሱ ጥርስ የተያዘው በፕላስቲክ ነው፣ በኃይል ካዞራችሁት ይላቀቅና ውኃው ግድግዳው ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል፣ የምታውቁትም ቀለሙ ሲነሣ ነው።

ከወጣ በኋላ የግድግዳውን ጥርስ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጽዱ። አዲሱን ቫልቭ ሳታስገቡ ደግሞ ባልዲ ደቅኑና አንድ ሰው ዋናውን ለአፍታ ይክፈትላችሁ። ቀይ ዝገት ሲወጣ ታያላችሁ፤ ያ ሁሉ አዲሱ ቫልቭ ውስጥ ሊገባ ነበር።

ውኃ እንዳያፈስ ጥርሱ ላይ የሚጠቀለለው ስስ ጥቅል፣ ቴፍሎኑ ላይ አትቸኩሉ። የቫልቩ ጥርስ በጣም ለስላሳ ከሆነ በሴጌቶ ጥርስ ሻካራ አድርጉት፣ ቴፍሎኑ እንዳይንሸራተት። የጥርሱን አፍ ወደ እናንተ አዙሩና ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ወጠር እያደረጋችሁ 10 እስከ 15 ዙር ጠቅልሉ። በተቃራኒው ከጠቀለላችሁት ስታስገቡት ይፈታል፣ እንደ ክር ተሰብስቦ ሲወጣ ታዩታላችሁ። መጀመሪያ በእጅ አስገቡ፣ ከዚያ በመፍቻ፣ አፉ ወደ ላይ እስኪያይ። ካሳለፋችሁት ወደ ኋላ አትመልሱት! ማሸጊያው ይበላሻል። ፈትታችሁ ቴፍሎኑን ቀይሩት። ፍሌክሲብሉ ላይ ቴፍሎን አያስፈልግም፣ የራሱ ጎሚኒ አለው፤ በእጅ አጥብቃችሁ በመፍቻ ሩብ ዙር ትንሽ ብትጨምሩ ይበቃዋል።

ውኃውን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። መጋጠሚያዎቹን በሶፍት ዳበስ ዳበስ አድርጉ፤ አንዲት ጠብታ እንኳ ብትኖር ሶፍቱ ላይ ትታያለች።

ግን በዚህ ብቻ አትተማመኑ። ከቧንቧው 3 ሜትር ከፍ ያለ ታንከር የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ገደማ ነው። መስመሩ በቀጥታ ወደ ቤት ከገባ፣ ፈረቃው ሲደርስ የሚመጣው ግፊት ከዚህ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ቀን ደርቆ የዋለው ሌሊት ሊያፈስ ይችላል። ስለዚህ ቫልቮቹ ሥር ደረቅ ካርቶን አንጥፉና ተኙ፤ መስመሩ በመጣበት ሌሊት ማግስት ጠዋት ተነሥታችሁ ካርቶኑን እዩት።