ከጥምቀት በተረፈ ማርማላታ የአጃ ኬክ አጋገር

ጎንደር ውስጥ ቤቱ ለባሕረ ጥምቀቱ የቀረበ ሰው ጥር ላይ እንግዳ አያጣም። የእኛ ቤት ቀሃ ኢየሱስ አካባቢ ነው። ከዚያ ወደ ፋሲል መዋኛ በእግር ቅርብ ነው። ስለዚህ ከተራ ሳይደርስ ከአዲስ አበባም ከባሕር ዳርም ዘመድ ይጎርፋል። ሳሎኑ ፍራሽ በፍራሽ ይሆናል። ይህ ሁሉ ሰው ደግሞ በአንድ ሰዓት አይበላም። አንዱ ሌሊቱን እዚያው አድሮ ረፋድ ላይ ይመጣል። ሌላው ታቦት ሸኝቶ ከሰዓት በኋላ ይገባል። ልጆቹ ሁልጊዜ እንደራባቸው ነው። በትልቅ ድስት ማርማላታ የምሠራው ለዚህ ነው። ዳቦው ተቆርጦ ይቀመጣል፣ ማርማላታው አጠገቡ፣ የመጣ ሁሉ እየቀባ ይበላል። ጥር 10 ገሃድ ስለሆነም ጿሚው አይቸገርም።

ጥር 12 ሚካኤል ወደ መንበሩ ሲገባ እንግዳውም ወደየቤቱ ይሄዳል። ማርማላታው ግን የትም አይሄድም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ቤት ውስጥ ዳቦ በማርማላታ አምጡልኝ የሚል ሰው አይገኝም፣ ሁሉም ሰልችቶታል።

መላውን የነገረችኝ አሜሪካ ያለችው እህቴ ናት። እዚያ ኅዳር ላይ ታንክስጊቪንግ የሚሉት የምስጋና በዓል አለ። ከተርኪው ሥጋ ጋር ክራንቤሪ የሚባል ቀይ፣ ኮምጣጣ ፍሬ በስኳር ተቀቅሎ ይቀርባል። ሁልጊዜም ይተርፋል። የተረፈውን ከላይና ከታች በአጃ ሸፍነው ይጋግሩትና እንደ ብስኩት በአራት ማዕዘን ቆራርጠው ይበሉታል። ክራንቤሪ እኛ ገበያ የለም። ከርከዴ ግን አለ። ቀይ ነው፣ ይኮመጥጣል፣ ዋጋውም አይጎዳም። ለእኔ ይበቃኛል።

የእኔ ማርማላታ እንዲህ ነው። 1 ኪሎ የተላጠና የተከተፈ ፓፓያ፣ ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ የ4 ብርቱካን ጭማቂ፣ የ2 ሎሚ ጭማቂ። አንድ እፍኝ ከርከዴ በ2 ኩባያ ውኃ አፍልቼ አጠልለዋለሁ፣ ውኃውን እጨምርበታለሁ። ፓፓያ ብቻውን ጣፋጭ እንጂ ኮምጣጣ አይደለም፤ ሎሚውና ከርከዴው ባይኖሩ አፍ ላይ ይከብዳል። ኮሽም የሚያፈራ አጥር ያላችሁ ሰዎች እሱንም ጨምሩበት፣ ሎሚውን ትቀንሳላችሁ። እናንተ የሠራችሁት የማንጎ፣ የዘይቱን ወይም የብርቱካን ብቻ ቢሆንም ችግር የለም። ከሱቅ የተገዛ ማርማላታም ይሆናል፤ እሱ በጣም ስለሚጣፍጥ ግን አንድ ሙሉ ሎሚ ጭመቁበትና የሊጡን ስኳር በግማሽ ቀንሱት።

ከመጀመራችሁ በፊት የተረፈውን እዩት፣ አሽትቱት። የእንግዳ ማንኪያ ሲመላለስበት የከረመ ዕቃ ነው። ላዩ ላይ ሻጋታ ከታየ ገፍፎ የቀረውን መጠቀም የለም፣ ሁሉም ይደፋል። ሻጋታ ዓይን ከሚያየው በታችም ይዘልቃልና። የቤት ማርማላታ ስኳሩ ትንሽ ስለሆነ እንደ ሱቁ አይቆይም። ፍሪጅ ውስጥ እንኳ አንድ ሳምንት ገደማ ነው የምተማመንበት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ይህ ኬክ የሚበላሸው በአጃው ወይም በቅቤው አይደለም። ማርማላታው ሲቀጥን ነው። ለዳቦ የሚቀባ ማርማላታ ትንሽ ቢፈስ ማንም አይቆጣም። በአጃ መሃል ሲገባ ግን ውኃውን የታችኛው ሊጥ ይጠጣዋል። ከላይ ያማረ፣ ከታች ገንፎ የሆነ ነገር ታወጣላችሁ። ስለዚህ የተረፈውን መልሳችሁ ድስት ላይ ጣዱት። ሰፊ ድስት ይሁን፣ እንፋሎቱ ቶሎ እንዲወጣ። እሳቱ መካከለኛ ይሁን። በእንጨት ማንኪያ ታቹን እየዳሰሳችሁ አማስሉት፣ ስኳር ያለበት ነገር ዞር ሲሉ ያራል።

መቼ ይበቃል? ቴርሞሜትር ያላችሁ ተጠንቀቁ። የውጭ አገር መመሪያዎች ማርማላታ የሚረጋው 104 ወይም 105 ዲግሪ ላይ ነው ይላሉ። ያ ለባሕር ዳርቻ ነው፣ የባሕር ዳር ከተማን ማለቴ አይደለም። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። በየ300 ሜትሩ የውኃ መፍያ በአንድ ዲግሪ ገደማ ስለሚወርድ እኛ ቤት ውኃ የሚፈላው 93 አካባቢ ነው። ማርማላታ የሚረጋው ደግሞ ከውኃ መፍያ ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ከፍ ሲል ነው። ስለዚህ የእኛው ልክ 97 ወይም 98 ነው። 105 እስኪደርስ የጠበቀ ሰው ማርማላታ ሳይሆን ከረሜላ ያወጣል።

ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ሰሃን ይበቃል። ትንሽ ሰሃን ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዙ። አንድ ጠብታ አድርጉበትና በጣታችሁ መሃሉን ክፈሉት። መንገዱ ክፍት ሆኖ ከቀረ አውርዱት። ከተገናኘ ገና ነው። ቸኩላችሁ ከሆነ ወይም ማርማላታው በጣም ቀጥኖ ከሆነ አንድ የሾርባ ማንኪያ የአጃ ዱቄት በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጣችሁ ጨምሩበትና ትንሽ አፍሉት። ጣዕሙን አይለውጠውም። ለአንድ ትሪ የሚያስፈልገው 400 ግራም ያህል ነው። ከዚያ በላይ ብትጨምሩ ለጋስነት ይመስላል እንጂ ሲቆረጥ ይንሸራተታል። በደንብ ይቀዝቅዝ። ትኩሱ ቅቤውን ያቀልጠዋል።

አጃው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አጃ ገበያ ላይ በሦስት መልክ ይገኛል። ለአጥሚትና ለገንፎ የተፈጨ ዱቄት፣ የአጃ ቅንጬ፣ እና ተዳምጦ የታሸገው ጠፍጣፋው። የተዳመጠው ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው፣ እንዳለ ይገባል። ዱቄቱ ብቻውን ከሆነ ኬኩ ይደርቃል፣ ጥርስ ላይ የሚሰማ ነገር አይኖረውም። ቅንጬው ደግሞ እንዳለ ከገባ ጠጠር ነው። ያላችሁ ቅንጬ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ በደረቅ መጥበሻ ሽታው እስኪወጣ አመስ አመስ አድርጉት። ከዚያ በሩብ ሊትር ትኩስ ወተት ወይም ውኃ አርሱትና ከድናችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። የተረፈ ፈሳሽ ካለ አጥልሉት። እውነቱን ለመናገር በቅንጬ የተሠራውን እኔ እመርጠዋለሁ። የተዳመጠው ይለሰልሳል፣ ቅንጬው ግን ይታኘካል፣ እየታኘከም የአጃ ጣዕም ይሰጣል። ባለቤቴ በዚህ አይስማማም።

ልኩ ይህ ነው። 250 ግራም አጃ፣ 200 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 120 ግራም ስኳር፣ 200 ግራም ቅቤ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ቤኪንግ ፓውደር ከወደዳችሁ ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ከዚያ አትለፉ። ከፍታችን ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ ኬክ ቶሎ ያብጥና ይወድቃል። ይህኛው ደግሞ ማበጥም የለበትም።

ቅቤው የገበታ ቅቤ ወይም ለጋ ቅቤ ይሁን። ለወጥ የነጠረው አይሆንም። ኮሰረትና ኮረሪማ የገባበት ቅቤ ከፓፓያ ጋር አይታረቅም። ቅመም ሳይገባበት የነጠረ ካላችሁ ግን ጥሩ ነው። ውኃው የወጣለት ስለሆነ 160 ግራም ይበቃችኋል።

ደረቁን ሁሉ ደባልቁ። ቅቤውን ለስለስ ካለ በኋላ ጨምሩና በጣታችሁ ጫፍ እሹት። ማቡካት አይደለም፣ ማሸት ነው። ስትጨብጡት የሚይዝ፣ ስትለቁት የሚፈረፈር ሲሆን ደርሷል። 20 በ30 ሳንቲሜትር የሆነ ትሪ በቅቤ ቀቡ። የመጋገሪያ ወረቀት ካለ አንጥፉ፣ ጠርዙ ወደ ውጭ ትንሽ ይትረፍ፣ በኋላ ለማውጣት ይረዳችኋል። ጋዜጣ አታንጥፉ፣ ቀለሙ ምግብ ላይ ይገባል። ወረቀት ከሌለ እንደ ደፎ ዳቦ ኮባ አንጥፉ። እንዲያውም ሽታው ያምርበታል።

ከሊጡ ሁለት ሦስተኛውን ታች አድርጋችሁ በብርጭቆ ቂጥ ጠቅጥቁት። አትዘኑለት፣ ካልተጠቀጠቀ ሲቆረጥ ይበተናል። ይህን ባዶውን 190 ዲግሪ በሞቀ ኦቨን 12 ደቂቃ ያህል ጋግሩት። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል። እኔ አልዘልም፣ የታችኛው ክፍል ማርማላታው ሳይደርስበት ትንሽ ይጠነክራልና። ከዚያ ማርማላታውን አልብሱት፣ ከጠርዙ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ። ጠርዙን የነካ ማርማላታ ያርና ትሪው ላይ ይጣበቃል። የቀረውን ሊጥ በእጃችሁ እየፈረፈራችሁ ከላይ በትኑት፣ አትጫኑት። እኔ አንድ እፍኝ ሰሊጥ እነሰንስበታለሁ። የመተማና የሁመራ ሰሊጥ በደጃችን እያለፈ ያለ ሰሊጥ መጋገር ነውር ነው።

ከዚያ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ። ላዩ ወርቃማ፣ ጠርዙ ቡናማ ሲሆንና ማርማላታው በየቀዳዳው ብቅ ብቅ እያለ ሲፈላ አውጡት። የቤት ትንንሽ ኦቨን ከላይ ስለሚያቃጥል ትሪውን ወደ ታች ዝቅ አድርጋችሁ አስገቡት።

መብራት ከሄደስ? ይሄዳል። ከሰል ካለ ደፎ የምትጋግሩበትን ብረት ድስት አውጡ። ልኩን በግማሽ ቀንሱ፣ ኮባ አንጥፉ። ደፎ ላይ እሳቱ ከላይና ከታች ይከፈላል። ለዚህ ግን ከታች ጥቂት፣ ከላይ ብዙ አድርጉ፣ ስኳሩ ታች እንዳያር። የታችኛውን ፍም አመድ አልብሱት። ደቂቃ ልንገራችሁ አልችልም፣ ከሰሉ ይለያያል። አፍንጫችሁን እመኑ፣ የተጠበሰ አጃ ሽታ ሲመጣ ክፈቱና እዩት።

ትኩሱን አትቁረጡ። ማርማላታው የሚረጋው ሲቀዘቅዝ ነው። ቢያንስ 2 ሰዓት ይቀመጥ፤ ልጆች ያሉበት ቤት ትሪውን ቁም ሣጥን ላይ ስቀሉት። ከዚያ በስለታም ቢላ፣ ሳትጎትቱ፣ ወደ ታች በመጫን ቁረጡ። 24 ቁራጭ ይወጣዋል። የፈረፈረው አይጣልም፣ ጠዋት እርጎ ላይ ይበተናል። ጎረቤቴ ስትቀምሰው «ይሄ ገንፎ ነው ኬክ?» አለችኝ። የጠየቀችኝ ሁለተኛውን ቁራጭ ካነሳች በኋላ ነበር።

ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። የጥር አየራችን ደረቅ ስለሆነ ሳይከደን ካደረ ጠርዙ ይደርቃል። ፍሪዘር ውስጥ በፌስታል ተጠቅልሎ ሁለት ወር አያስቸግርም።

ለረቡዕና ለዓርብ ደግሞ ቅቤውን ትታችሁ 150 ሚሊ ሊትር የሱፍ ዘይትና 3 የሾርባ ማንኪያ የብርቱካን ጭማቂ አስገቡ። ቅንጬ ከሆነም በወተት ሳይሆን በውኃ አርሱት። የዘይቱ ሊጥ ከቅቤው ይልቅ ይፈረፈራል፣ ስለዚህ ስትጠቀጥቁት ጠንከር በሉ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝም ቢላ አታስጠጉት። ነነዌ ከጥምቀት ብዙም ሳይርቅ ይመጣል። የተረፈው ማርማላታ ብዙ ከሆነ አንዱን ትሪ በቅቤ አሁን ጋግራችሁ ብሉ። የቀረውን ማርማላታ አፍልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት፣ ጾሙ ሲገባ በዘይት ትጋግሩታላችሁ።