በልጅነት ለደረሰ ጾታዊ ጥቃት የፍትሐ ብሔር ካሳ ሲጠየቅ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በሰሜን ሸዋ፣ ከመንዝ ደጋ እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ፣ በልጅ ላይ ጾታዊ ጥቃት ሲደርስ የቤተሰቡ የመጀመሪያ ጥያቄ «ይታሰርልን» የሚል ነው። ጥያቄው ትክክል ነው። ይሁን እንጂ የአጥፊው መታሰር የልጁን የሕክምና ወጪ አይከፍልም፤ የተቋረጠውን ትምህርት አያስቀጥልም፤ ቤተሰቡ ሰፈር ለመቀየር ያወጣውንም አይመልስም። ለእነዚህ ነገሮች ሕጉ የፍትሐ ብሔር ካሳን፣ ማለትም አጥፊው ለተጎጂው የሚከፍለውን ገንዘብ፣ አስቀምጧል። ይህን መብት ብዙ ቤተሰብ የሚያጣው ገና መዝገብ ሳይከፈት፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት በሚሠሩ ስህተቶች በመሆኑ፣ ከዚህ በታች በየተራ ተብራርተዋል።

ሽምግልናን በፍርድ ቤት ቦታ ማስቀመጥ

በአካባቢያችን ነገር ሲበላሽ ሽማግሌና ንስሐ አባት መጥራት የቆየ ወግ ነው፤ ደም እንዳይፈስ በማድረግ ረገድም ትልቅ ዋጋ አለው። የተጎጂው ወንድም ጠመንጃ አንሥቶ እንዳይወጣ የሚያረጋጋ ሽማግሌ ሥራውን ሠርቷል። ስህተቱ የሚጀምረው ሽማግሌዎቹ ጉዳዩን «በቤት እንጨርሰው» ብለው ገንዘብ ወይም ከብት ሲያስቆርጡ፣ ከዚያም አልፎ «ያግባትና ይሸፈን» ሲሉ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደፋሪው ተጎጂዋን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ነበረው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግን ያንን በር ዘግቶታል። ከዚህም በላይ ከ18 ዓመት በታች የሆነችን ልጅ መዳር በዚሁ ሕግ አንቀጽ 648 ራሱን የቻለ ወንጀል ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ «ዕርቅ» በአንድ ወንጀል ላይ ሌላ ወንጀል ይጨምራል።

በሽምግልናው ማብቂያ ላይ የምትቀርበው ወረቀት ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ትፈልጋለች። «ይህን ያህል ተቀብያለሁ፤ ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» የሚል ጽሑፍ አባት አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ከፈረመበት በኋላ፣ ዐቃቤ ሕግ የወንጀሉን ክስ መቀጠል ቢችልም፣ በካሳው ክርክር ላይ የተከሳሹ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያቀርበው መከላከያ ያው ወረቀት ይሆናል። የሕግ ባለሙያ ያላየው ማንኛውም ወረቀት ላይ መፈረም አይገባም፤ ሽማግሌዎቹን «አባቶቼ፣ አክብሬያችኋለሁ፤ መፈረሙን ግን ሕግ አዋቂ ካማከርኩ በኋላ ይሁንልኝ» ብሎ ማለፍ ነውር የለበትም።

የወንጀሉን ውጤት ብቻ መጠበቅ

ሁለት የተሳሳቱ እምነቶች አሉ። አንደኛው ካሳ የሚጠየቀው ተከሳሹ ከተፈረደበት በኋላ ነው የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ተከሳሹ በነፃ ከተለቀቀ ሁሉም ነገር አብቅቷል የሚል ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 154 ተበዳዩ ወይም ወኪሉ የወንጀሉ ክስ መሰማት ሲጀምር በዚያው ችሎት ካሳ እንዲወሰንለት እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ስለዚህ ከዐቃቤ ሕግ ጋር ገና በምርመራው ደረጃ ተገናኝቶ «የካሳ ጥያቄም አለን» ማለት ያስፈልጋል፤ ችሎቱ ከተጀመረ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ቦታ ሊያጣ ይችላል። የወንጀሉ ችሎት የካሳውን ጥያቄ ባይቀበለው ወይም ተከሳሹን በነፃ ቢያሰናብተው ደግሞ የፍትሐ ብሔሩ በር ክፍት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2149 የካሳ ክስ የሚሰማው ፍርድ ቤት በወንጀል ችሎት በተሰጠ የነፃ መልቀቅ ውሳኔ እንደማይገደድ ይደነግጋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሰውን ወኅኒ ለማውረድ የሚጠየቀው የማስረጃ ክብደት ከፍ ያለ ሲሆን፣ በፍትሐ ብሔር ክርክር ሚዛን የደፋ ማስረጃ ያቀረበ ወገን ይረታል።

ጥያቄውን ሁሉ በ«ሞራል ካሳ» ስም መጠቅለል

በእኔ አስተያየት ከሁሉም የበለጠ ገንዘብ የሚያሳጣው ስህተት ይህ ነው፤ የሚሠራውም አብዛኛውን ጊዜ በፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ ከሚጽፉ ሰዎች ፊት ነው። ማመልከቻው «ልጄ በደረሰባት ድርጊት ከፍተኛ የሞራል ጉዳት ስለደረሰባት 500,000 ብር እንዲከፈለኝ» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ቁጥሩ ትልቅ ቢመስልም ክሱ ባዶ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2114 የአስገድዶ መድፈርና የክብረ ንጽሕና ጥቃት ተጎጂ የሕሊና (የሞራል) ካሳ እንዲያገኝ ቢፈቅድም፣ ቁጥር 2116 የሕሊና ካሳ በማንኛውም ሁኔታ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ገድቧል። ጣሪያው ሕጉ በወጣበት በ1952 ዓ.ም. የተቀመጠ ሲሆን ዛሬ የጥቂት ጉዞ መሳፈሪያ ነው። ያሳፍራል፤ ይሻሻል ቢባልም ተገቢ ነው፤ እስኪሻሻል ግን ዳኛው ከዚያ በላይ መወሰን አይችልም።

መፍትሔው ጉዳቱን ቁሳዊ በሆነው በኩል ዘርዝሮ ማቅረብ ነው። ቁጥር 2091 ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ያዛል እንጂ በብር ጣሪያ አላስቀመጠለትም። ቁጥር 2092 ወደፊት መድረሱ የተረጋገጠን ጉዳት ጭምር ለመጠየቅ ይፈቅዳል። ቁጥር 2102 ደግሞ መጠኑን በትክክል ማስላት ያልተቻለ ጉዳትን ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም በሚዛናዊ ግምት፣ እንዲወስን ሥልጣን ይሰጠዋል። የሥነ ልቦና ሕክምና ወጪ፣ ልጁ ያቋረጠው ትምህርት በኋላ ገቢው ላይ የሚያመጣው ጉድለት፣ ጥቃቱ ያስከተለው የአካል ሕመም፣ እናት ልጇን ስትጠብቅ የተወችው የገበያ ሥራ፣ ሰፈር ለመቀየር የተከፈለ የቤት ኪራይ፣ እነዚህ ሁሉ በዚህ በኩል ይገባሉ።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ አንድ የተማሪ ደብተር ነው። ገጹን በአራት ከፍሎ ቀኑን፣ የተሄደበትን ቦታ፣ የወጣውን ገንዘብና የደረሰኙን ቁጥር ማስፈር ይበቃል። ለምሳሌ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ለሕክምና ቀጠሮ የተሄደበት ዕለት ሲመዘገብ የሁለት ሰው ትራንስፖርት፣ የማደሪያ፣ የምግብና የመድኃኒት ወጪ ለየብቻ ይጻፋል፤ ዕለቱ የአጨዳ ወቅት ከሆነም በአባት ፈንታ ለተቀጠረው የቀን ሠራተኛ የተከፈለው ይጨመራል። ደረሰኝ የማይሰጥበት ወጪ ሲሆን አብሮ የነበረ ሰው ስም ይያዝ። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ልጁ ምን ያህል ጊዜ ክትትል እንደሚያስፈልገው በጽሑፍ ከሰጠ፣ ያች አንዲት ገጽ ከማመልከቻው ልቅሶ ሁሉ በላይ ትሠራለች።

ይርጋው (የክስ ማቅረቢያው የጊዜ ገደብ) እንዲያልፍ መፍቀድ

የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 ይደነግጋል። ነገር ግን ጉዳቱ ከወንጀል የመነጨ ከሆነና የወንጀል ሕጉ የበለጠ ረጅም ይርጋ ካስቀመጠለት፣ ለካሳውም የሚሠራው ረጅሙ ነው። ከ13 ዓመት በታች በሆነ ልጅ ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ጥቃት እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ስለሚያስቀጣ የወንጀሉ ይርጋ 20 ዓመት ነው። ስለዚህ በልጅነቱ የተጎዳና ዛሬ ጎልማሳ የሆነ ሰው «ጊዜው አልፏል» ተብሎ በቃል ከተመለሰ፣ የተፈጸመው ድርጊት የትኛው አንቀጽ ሥር እንደሚወድቅ ሳያስመረምር ተስፋ መቁረጥ የለበትም። በሌላ በኩል በረጅሙ ይርጋ ተማምኖ መቀመጥም አይበጅም፤ ምስክር ይሞታል፣ የሆስፒታል ካርድ ይጠፋል።

ሕክምናውንና የዕድሜ ማስረጃውን ማዘግየት

ልጁን አጥቦ፣ ልብሱን ቀይሮና አረጋግቶ በማግሥቱ ማምጣት ከርኅራኄ የሚመነጭ ስህተት ነው። ሰውነትና ልብስ ሳይታጠብ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ፣ ልብሱንም በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ከረጢት መያዝ ያስፈልጋል፤ ፌስታል እርጥበት አፍኖ ናሙናውን ያበላሻል። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ በመሆኑ፣ ፖሊስ ጣቢያ ወረፋ እየጠበቁ ይህን ጊዜ ማሳለፍ አይገባም፤ ሕክምናው ይቅደም።

ዕድሜ ሁለተኛው ጉዳይ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ቢወጣም በገጠር ቀበሌዎቻችን የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው ልጅ ብዙ ነው። የክርስትና ካርድ፣ የክትባት ካርድና የትምህርት ቤት መዝገብ ተሰብስበው ይቅረቡ፤ እርስ በርስ የሚጣረሱ ከሆነ ምክንያቱን አስቀድሞ ለጠበቃው መንገር ይሻላል። ለትምህርት ቤት ምዝገባ ተብሎ ዕድሜ የተጨመረባት ልጅ ጉዳይ በችሎት ላይ ድንገት ሲወጣ ዋናውን ክስ ጭምር ያጠራጥራል።

በልጁ ስም ማን እንደሚከስ አለማሰብ

ልጅ በራሱ ስም ቆሞ መክሰስ ስለማይችል አሳዳሪው ወይም ሞግዚቱ ይከስለታል። አጥፊው አባት፣ እንጀራ አባት ወይም ልጁን ያሳደገ አጎት በሆነበት ቤት ግን የክሱ ባለቤት ሊሆን የሚገባው ሰው ራሱ ተከሳሽ ነው፤ እናትም በኑሮ ጥገኝነት ምክንያት ዝም ልትል ትችላለች። በዚህ ጊዜ ሌላ ዘመድ ወይም የወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ፍርድ ቤቱ ሌላ ሞግዚት እንዲሾም ማመልከት ይችላል። የተጎጂው ወንድ ልጅ መሆንም ምንም አይቀንስም፤ ወንድ ልጆች ላይ የሚደርሰው ጥቃት የሚታፈነው በኀፍረት ምክንያት ነው እንጂ የካሳ ሕጉ በወንድና በሴት ተጎጂ መካከል ልዩነት ኖሮት አይደለም።

ከአጥፊው በስተጀርባ ያለውን ተቋም መርሳት

ከገጠር ቀበሌ ወጥተው በደብረ ብርሃን፣ በእነዋሪ ወይም በአረርቲ ክፍል ተከራይተው፣ ከቤት የተላከ ስንቅ እየበሉ የሚማሩ ልጆች ለጥቃት የተጋለጡ ናቸው። አጥፊው አከራይ ወይም ጎረቤት ከሆነ ክሱ በግለሰቡ ላይ ይቆማል። መምህር፣ የማደሪያ ጥበቃ ወይም የሌላ ተቋም ሠራተኛ ከሆነ ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሠራተኛው በሥራው ላይ እያለ ላደረሰው ጉዳት አሠሪውን ኃላፊ ያደርገዋል፤ ድርጊቱ በሥራ ቦታና በሥራ ሰዓት ከተፈጸመም በሥራ ላይ እንደተፈጸመ ይገመታል፤ ተቋሙ ግምቱን የማፍረስ ዕድል አለው። ሀብት የሌለውን ግለሰብ ብቻ ከስሶ ባዶ ፍርድ ከመያዝ በፊት ይህ ጥያቄ ለባለሙያ መቅረብ አለበት።

የሚወለደውን ልጅ ቀለብ ከካሳው ጋር መቀላቀል

ጥቃቱ እርግዝና አስከትሎ ልጅ ከተወለደ ቀለብ የሚገባው ለሕፃኑ ነው፤ የእናቲቱ ካሳ ሌላ ነው። የቤተሰብ ሕጉ እናቲቱ በተፀነሰበት ጊዜ የተደፈረች ወይም የተጠለፈች ከሆነ አባትነት በፍርድ እንዲታወቅ ይፈቅዳል። ሁለቱ ጥያቄዎች ተለያይተው ይጻፉ።

ለነፃ አገልግሎት ገንዘብ መክፈል

አቅም የሌለው ከሳሽ የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍል በደሃ ደንብ እንዲከስ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ይፈቅዳል፤ የድህነት ማስረጃውን ከቀበሌ ማምጣት ነው። የወረዳ ፍትሕ ጽሕፈት ቤቶች አቅም ለሌላቸው ሴቶችና ሕፃናት የፍትሐ ብሔር ክስ ያግዛሉ፤ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በኩል የሚሰጠውን ነፃ የሕግ ድጋፍም መጠየቅ ይቻላል። «ዳኛውን አውቀዋለሁ» የሚል ደላላ ግን ከሁሉም በፊት መራቅ ያለበት ሰው ነው።

የልጁን ፎቶ በፌስቡክና በቲክቶክ ለጥፎ ፍትሕ መጠየቅም ሌላው ሊወገድ የሚገባ ስህተት ነው። ፎቶው ከአሥር ዓመት በኋላም ይገኛል፤ ልጁ ሲያድግ ሊያነበው ይችላል፤ ከፍርድ በፊት ስሙ የተጠራው ሰውም በስም ማጥፋት ክስ መመለስ ይችላል። ችሎቱ በዝግ እንዲሰማ ማመልከት ይሻላል።

ፍርዱን እንደ መጨረሻ ማየት

የተፈረደ ካሳ ካልተፈጸመ ወረቀት ነው። ተከሳሹ ክስ እንደተሰማ ቤቱን በወንድሙ ስም ያዛውራል፣ በሬዎቹን ይሸጣል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ንብረት እንዳይሸሽ ከፍርድ በፊት እንዲከበር ማመልከት ስለሚፈቅድ፣ የተከሳሹ የከተማ ቤት፣ ተሽከርካሪና የባንክ ሒሳብ ያለበት ቦታ ከክሱ ጋር አብሮ ተጠንቶ መቅረብ አለበት። ካሳው ከተከፈለ በኋላም ገንዘቡ ለቤተሰቡ የእርሻ ግብዓት ወይም ለታላቅ ወንድም ሠርግ እንዳይውል፣ በልጁ ስም በዝግ ሒሳብ ተቀምጦ ለሕክምናና ለትምህርት ብቻ በፍርድ ቤት ፈቃድ እንዲወጣ መጠየቅ ይገባል።